ከቴስታታው አፍ የሚያስተነፍስ የጭስ ቱቦ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለሱ አንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው መኖሪያቸው ደሴ፣ ሥራቸው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ በየቀኑ የሚመላለሱት ባለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር ማደባለቂያ) በሆነ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ሲያስነሱት ከፊት በኩል «ጠክ ጠክ ጠክ» የሚል ፈጣን ድምፅ ይሰማል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ መስጫውን በመለሱ ቁጥር ማርሚታው (ከጭስ ቱቦው ጫፍ ያለው ድምፅ ማፈኛ) «ጧ! ጧ!» ይላል፤ ሲቆሙ ደግሞ የጭስ ሽታ ወደ ፊታቸው ይመጣል። አንድ ባለሙያ የጭስ ቱቦውን የሚያስሩትን ዳዶዎች (በብሎን ጥርስ ላይ የሚጠብቁትን ብረቶች) አጥብቆ ሰጣቸው፤ ሁለተኛው በብረት ሙጫ ለሰነላቸው፤ ሦስተኛው «ይህ የቫልቭ ድምፅ ነው» ብሎ ቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ) እንዲወርድ መከራቸው። በማርሚታው ሆድ ሥር ያገኙትን አንድ ትንሽ ቀዳዳም አስበይደዋል። አሁን የሚጠይቁት «ቴስታታውን ላስወርድ ወይስ ማርሚታውን እንዳለ ልቀይር?» ብለው ነው።

ሁለቱንም አያድርጉ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች በሙሉ የሚጠቁሙት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ እርሱም የጭስ ቱቦው ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምበት አፍ ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ የምትቀመጠው የጓርኒሲዮን (ጭስ እንዳያመልጥ የምትዘጋ ማሸጊያ) ቀለበት በሞተሩ ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከርካሾቹ አንዷ ናት። እስካሁን የተደረገልዎ ነገር ሁሉ ይህችን ቀለበት ሳይነካ ዙሪያዋን የዞረ ሥራ ነው። (በነገራችን ላይ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፐርኖ፣ ዳዶ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚዘልቀውን መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች ለጋራዡም ቋንቋ ትተውለት ሄደዋል።)

በመጀመሪያ የቫልቭ ድምፅ ነው የተባለውን እናጥራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ቴስታታ የሚያስወርደው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። ቫልቩ የላላ ሞተርም፣ ጭስ የሚያስተነፍስ ሞተርም ሁለቱም «ጠክ ጠክ» ይላሉ፤ ፍጥነታቸውም አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱም የሚከሰቱት ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ጊዜ ስለሆነ። የሚለዩት በጠባያቸው ነው። የሚያስተነፍሰው ድምፅ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጎልቶ ይሰማና፣ ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚያጠበው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲመለሱ፣ ሞተሩ ጭነት ሲይዝ፣ እንደገና ይጎላል። የቫልቭ ድምፅ ግን ዳገት ቢሆን ሜዳ ብዙም አይለዋወጥም፤ እንዲያውም በባዶ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይነካ) ሲሠራ ይበልጥ ይለያል። እርስዎ «ጠዋት ይብሳል፣ ቦሩ ሜዳ ስሄድ ግን አልሰማውም» (ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳማ ቦታ ነው) ብለው የጻፉት ዐረፍተ ነገር ብቻውን ለእኔ ከግማሽ በላይ መልስ ነው።

ቁልቁለት ላይ የሚፈነዳበት ምክንያት ደግሞ ከዚሁ ይመነጫል፤ ይህን ከተረዱ ካርቡራቶር ለሚነካካ ሰው ሞተርዎን አይሰጡም። ጭስ ከሞተሩ የሚወጣው እንደ ቧንቧ ውሃ ሳያቋርጥ አይደለም፤ በየምቱ እየተገፋ ነው። እያንዳንዱ ግፊት ካለፈ በኋላ ቱቦው ውስጥ ለቅጽበት ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ይፈጠራል፤ በዚያች ቅጽበት ክፍተቱ ጭስ ማስወጣቱን ትቶ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላሉ፤ በማርሽ ታስረው፣ ነዳጅ መስጫውን ዘግተው ሲወርዱ ሲሊንደሩ የሚያገኘው ድብልቅ በጣም ትንሽ ስለሆነ በደንብ ሳይቃጠል ወደ ቱቦው ያልፋል። ያ ያልተቃጠለ ቤንዚን በክፍተቱ ከገባው ንጹሕ አየር ጋር በጋለው ቱቦ ውስጥ ሲገናኝ ይፈነዳል። ሐረጎ ላይ የሚሰሙት ይህንን ነው፤ ሽቅብ ሲመለሱ የማይሰሙትም ለዚህ ነው። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ሲሰማ «ነዳጅ አነሰው» ብሎ ድብልቁን ያወፍራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ካርቡራቶር ያለማንም እርዳታ ድብልቁ ወፍራም ነው። በዚያ ላይ ሲጨመርበት ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚኑም በከንቱ ያልቃል። የካርቡራቶሩ ቪት (ድብልቁን ማስተካከያ ብሎን) ተነክቶ ከሆነ፣ ቀለበቷ ከተቀየረች በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት እንዲመለስ አያድርጉ፤ ካልሆነ ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ እያሳደዱ ይውላሉ።

አሁን ክፍተቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ የስልክዎን መብራት ይዘው ከቴስታታው ፊት ይንበርከኩና ቱቦው የሚገባበትን አፍ ዙሪያውን ይመልከቱ። የሚያስተነፍስበት ጎን ላይ ጥላሸት ይኖራል፤ በጣት ሲነኩት ደረቅና ለስላሳ፣ ልክ የድስት ቂጥ እንደሚያጠቁረው ዓይነት ነው። ዘይት ያለበት፣ የሚያጣብቅ ጥቁረት ከሆነ ግን ከላይ ከክዳኑ የወረደ የሞተር ዘይት እንጂ ጭስ አይደለም። ከዚያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ ማንኪያ ኦሞ በጥብጠው በመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ በብሩሽ ይቀቡ፤ ሞተሩን አስነስተው በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የማርሚታውን ጫፍ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ብቻ ይዝጉ። አረፋ የሚነሳበት ቦታ ክፍተቱ ነው። ብረቱ ከመሞቁ በፊት ይጨርሱ፤ ውሃው ከተነነ ምንም አያሳይም። እኔ ደግሞ ከዚህ የሚሻል ዘዴ የማገኘው ከጎሚስታ ነው፤ ሞተሩን ሳላስነሳ የኮምፕሬሰሩን አየር በጣም አሳንሼ በጨርቅ በተጠቀለለ ቱቦ በማርሚታው ጫፍ በኩል አስገባለሁ። ድምፅም ጭስም ስለሌለ አረፋው ልቅም ብሎ ይታያል፤ እጅም አይቃጠልም።

በዚህ ፍተሻ ሦስት ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ፦ የቴስታታው አፍ፣ ቱቦው ከማርሚታው ጋር የሚገናኝበት አንገት፣ ወይም የማርሚታው ሆድ። ከቴስታታው ፊት ቀጭን የአየር ቱቦ ያለው ሞተር ከሆነ፣ የዚያ ቱቦ ጎማ ተሰንጥቆም ተመሳሳይ ፍንዳታ ያመጣልና ጎማውን ገለጥ አድርገው ይዩት። የእርስዎ ግን፣ ከገለጹት ሁሉ፣ የመጀመሪያው እንደሆነ እገምታለሁ።

ስላስበየዱት ቀዳዳ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በማርሚታው ሆድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የነበረው፣ ጠርዙ ክብና ንጹሕ፣ ስፋቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ከነበረ፣ ያ ጉዳት አይደለም፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ የሠራው የውሃ መውረጃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል ብል የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይህ ውሃ እንፋሎት ሆኖ በጫፉ ይወጣል። ደሴ ላይ በብርድ ተነስተው ቁልቁል የሚወርዱ ሰው ግን ሞተራቸው ሳይለፋ፣ ማርሚታውም በቅጡ ሳይግል ኮምቦልቻ ይደርሳሉ፤ ውሃው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ ከጭሱ አሲድ ጋር ተዋህዶም ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ያን ቀዳዳ የዘጋ ብየዳ ማርሚታውን አዳነ ሳይሆን ዕድሜውን አሳጠረ። በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ መልሰው ያስከፍቱት። ቀዳዳው ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ዙሪያውም የዛገና በካቻቢቴ ሲነካ የሚሰባበር ከነበረ ግን እውነተኛ ዝገት ነው፤ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ቀለበቷ። ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚያስቸግረው ትዕግሥት ማጣት ነው። መፍታት ከመጀመርዎ በፊት በነበረው ማታ ቱቦውን በያዙት ሁለት ፐርኖዎች (ከቴስታታው ወጥተው ዳዶ የሚጠብቅባቸው ባለ ጥርስ ዘንጎች) ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ እርሱ ከሌለ ናፍጣ ያንጠባጥቡ። ጠዋት ሞተሩን ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ብቻ አስነስተው ያጥፉት፤ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ፐርኖው ብረት ስለሆነ፣ አሉሚኒየሙ ሲሞቅ የሚለጠጠው የብረቱን እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ጥርሱ ላላ ይላል። ዳዶው እምቢ ካለ ወደ ማጥበቂያው በኩል በጥቂቱ ገፍተው ወደ መፍቻው ይመልሱት፤ እንዲህ እያወዛወዙ ያውጡት እንጂ በአንድ ጉልበት አይጣሉት። ዳዶዎቹ ከወጡ በኋላ ማርሚታውን ከሻንሲው (ከሞተር ሳይክሉ አጽም) ጋር የሚይዘውን የኋላ ብሎንም ይፍቱና ቱቦውንና ማርሚታውን በአንድነት ያውርዱ።

አሁን ወደ ቴስታታው አፍ ውስጥ ይመልከቱ። አሮጌዋ ቀለበት እዚያ ናት፣ ግን ላትታይዎ ትችላለች፤ ተጨፍልቃ፣ ጥላሸት ለብሳ የቴስታታው አካል ትመስላለች። ለሦስት ዓመት አስተማማኝ ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው እንኳ ይህን ሳያይ አዲሷን በአሮጌዋ ላይ ደርቦ ሲያስር አይቻለሁ፤ ሁለት ቀለበት ተደርቦ ደግሞ ምንም ቢጠብቅ አይዘጋም። በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ጠርዙን ጫር ያድርጉት፤ ከጥቁሩ ሥር የመዳብ ቀይ ብልጭ ካለ ቀለበቷ ናት። ጫፉ የታጠፈ ሚስማር አስገብተው ከውስጥ ወደ ውጭ ይጎትቷት፣ የአሉሚኒየሙን መቀመጫ ግን እንዳይቧጥጡ። መቀመጫውን በጨርቅና በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። የብረት ሙጫው ቅሪት የቱቦውን ከንፈር ይዞት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አንድም ሳይቀር ያስለቅቁት፤ የጓርኒሲዮን ሥራ የሚበላሸው የእህል ፍሬ በምታህል ቅሪት ነው። ስለ ብረት ሙጫው ይህን ብቻ ልበል፦ በዚያ አፍ ላይ የሚያልፈው ጭስ ሞተሩ ሲለፋ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በሱቅ የሚሸጠው ሁለት ቱቦ የሚደባለቅ ሙጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ግማሹን እንኳ በአግባቡ አይችልም። ቢቀባ ሁለት ቀን ይይዛል፣ ከዚያ ይከስላል።

አዲሷን ቀለበት ሲገዙ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱና በውጭ ስፋት፣ በውስጥ ስፋትና በውፍረት ያስተያዩ። የዚያኑ ቀን የምትስማማ ካላገኙ፣ አሮጌዋ ድፍን መዳብ ከሆነች ብቻ፣ በእሳት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስክትሆን አግለው ውሃ ውስጥ ይጨምሯት፤ መዳብ እንደ ብረት አይጠነክርም፣ ይልቁንም ይለሰልሳል፤ እንደገናም ለመጨፍለቅ ትመቻለች። ሁለት ላሜራ መካከል የተሞላ ጥጥ መሰል ነገር ያላት ከሆነች ግን ተስፋ የላትም። አንዳንዶች ከ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ድፍን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀለበት ጠምዝዘው ጫፎቹን በናስ ያስበይዳሉ፤ ለአንድ ሳምንት እምቢ አልልም፣ ለዓመት ግን አልመክርም።

አሁን ቀለበቷን በጥቂት ቅባት መቀመጫዋ ላይ ለጥፈው (ቅባቱ እንዳትወድቅ ለመያዝ ብቻ ነው፣ ይቃጠላል) ቱቦውን ይግጠሙ። ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቅደም ተከተል እዚህ ነው። የኋላውን የማርሚታ ብሎን በመጀመሪያ ያስገቡት፣ ነገር ግን አያጥብቁት። የቴስታታውን ሁለት ዳዶዎች በጣት እስኪቆሙ ያሽከርክሩ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ከዚህ፣ ግማሽ ዙር ከዚያ እያሉ በየተራ ያጥብቁ፤ የቱቦው ጆሮ በሁለቱም ጎን ከቴስታታው እኩል መራቁን በዓይን ይዩ። የኋላው ብሎን የሚጠብቀው ከሁሉም በኋላ ነው። ኋላውን አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው ቱቦውን ዘምበል አድርጎ ስለሚያስረው ቀለበቷ በአንድ ጎን ተጨፍልቃ በሌላው ትከፈታለች፤ ዳዶ ቢያጠብቅም ባያጠብቅም ያስተነፍሳል። የእርስዎ የመጀመሪያው ባለሙያ የሠራው ስሕተት ይህ ይመስለኛል።

ምን ያህል ይጥበቅ? በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ዳዶ ከሆነ ፐርኖው 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈልገው ከዳዶው 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ በቁልፉ ላይ 10 ኪሎ ያህል ክብደት ማሳረፍን ነው፣ ከዚያ አያልፍም። በ12 ወይም በ13 የሚፈታ ከሆነ ፐርኖው 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዚያን እጥፍ ያህል ይችላል። ጥርሱ ላይ የመዳብ ቅባት ይቀቡ፤ ተራው ግሪስ በሙቀቱ ከስሎ ዳዶውን ያጣብቀዋል። በጀማሪነቴ ጊዜ ማስተንፈሱን በጉልበት ለማስቆም ስል ረጅም ቡሶላ ይዤ ስጫን፣ «ቅጭ» የሚል ለስለስ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ቁልፉ በእጄ ላይ በድንገት ቀለለ፣ ዳዶውም ከፐርኖው ራስ ጋር መሬት ወደቀ። ከአንድ ጓርኒሲዮን የተነሳ የሰው ሞተር ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ሄደ። ለዚህ ነው ዛሬ ተማሪዎቼን በረጅም ቁልፍ የማላሠራቸው።

የእርስዎም ፐርኖ ሲፈታ ቢሰበር፣ አብሽሩ፣ ሞተሩ አልጠፋም። ትርፍ ጫፍ ካለው ሁለት ዳዶ አንዱን በአንዱ ላይ አጥብቀው በታችኛው ይፍቱት። ከቴስታታው ጋር እኩል ከተቆረጠ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ጥሩ በያጅ አንድ ዳዶ ላዩ ላይ አስቀምጦ በመሃሉ ቢበይደው፣ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቅና ብዙ ጊዜ ይፈታል። ያም ካልሆነ መሃሉን ነቁጦ መሰርሰር ነው፤ ይህ በእጅ መሰርሰሪያ በደጃፍ የሚሞከር ሥራ አይደለም፣ መሰርሰሪያው ከጠንካራው ብረት ተንሸራቶ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላል። ለቶርኖ ቤት ይስጡት፣ ጥርሱ ከተበላ አዲስ ጥርስ አስገብተው ይመልሱልዎታል።

የማርሚታው ሆድ በእውነት የዛገ ከሆነ ብዙ አልልም። በካቻቢቴ እጀታ እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ፤ ጤነኛው ላሜራ ይጮኻል፣ የተበላው ይደነቁራል። ቁራጩ ጤነኛው ላይ እንዲያርፍ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ፣ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በኦክሲጅንና በናስ ማስበየድ ይሻላል፤ ያን የሳሳ ላሜራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ቀዳዳውን አስፍቶት ይነሳል። ቁራጩ ከጣሪያ ቆርቆሮ እንዳይሆን፤ ልባጩ ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምመዋል። ማርሚታው ከሞተሩ ወርዶ ይበየድ። ማውረድ ካልተቻለ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል።

ስለ ቫልቭ መቃጠል ያስፈራሩዎት ነገር በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ የተጋነነ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት በማስተንፈሱ ቫልቭ የተቃጠለበት ሞተር አላየሁም። የሚያሳስበኝ ሽታው ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እርስዎ የሚሸትዎ አብሮት የሚመጣው ነው። መንገድ ላይ ነፋሱ ይበትነዋል። በብርዱ ምክንያት ሞተሩን ሳሎን ወይም ጠባብ ግቢ ክፍል ውስጥ አሳድረው ጠዋት በር ሳይከፍቱ የሚያሞቁ ከሆነ ግን፣ ቀለበቷ እስክትቀየር ብቻ ሳይሆን ከተቀየረችም በኋላ፣ ሞተሩን ገፍተው ደጅ ካወጡ በኋላ ያስነሱት።

ሥራው እንዳለቀ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ደርሰው ይመለሱ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ሁለቱን ዳዶዎች እንደገና ይፈትሹ፣ ቀለበቷ በመጀመሪያው ሙቀት ትንሽ ስለምትጨፈለቅ ሩብ ዙር ያህል ሊቀበሉ ይችላሉ። የኦሞውን ፍተሻም ይድገሙት። አረፋ ሳይኖር ጠዋት «ጠክ ጠክ» ማለቱ ከቀጠለ፣ ያኔ ሦስተኛው ባለሙያ ትክክል ነበርና የቫልቭ ክፍተት ያስለኩ፤ እርሱም የሚለካው ክዳኑ ተከፍቶ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ሲሆን፣ ቴስታታ ማውረድን አይጠይቅም።